ዕቅድ፣ በጀትና ወርኃዊ ጉባኤ፦ ማዕከላዊ አመራር በደቡብ ኮርያ የዕድገት ፖሊሲ

ደቡብ ኮርያ በዕድገት ጥናቶች ዘወትር የምትጠቀሰው በመንግሥቷ ጠንካራነት ነው። ይሁን እንጂ የማዕከላዊ አመራሩን ውጤት የወሰነው የሥልጣኑ ብዛት ሳይሆን፣ ስሕተቱን የሚያይበትና የሚያርምበት አሠራር ነበር።

በ1961 (ዓመታቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የተቋቋመው የኢኮኖሚ ዕቅድ ቦርድ ዕቅድንና በጀትን በአንድ ጣራ ሥር አዋለ። ከ1963 መጨረሻ ጀምሮ ኃላፊው ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር በመሆኑም ሌሎች ሚኒስቴሮችን የማስተባበር አቅም አገኘ። ዕቅድ ነዳፊውና ገንዘብ መዳቢው በሚለያዩበት አገር ሰነዱ ከመደርደሪያ አይወርድም። ሆኖም የቦርዱ ሥልጣን የመጀመሪያውን የአምስት ዓመት ዕቅድ ከስሕተት አላዳነውም፤ የውጭ ምንዛሪ እጥረት ስላጋጠመ ግቦቹ ተከለሱ፣ በ1964ም ከ130 ዎን ጋር ይመነዘር የነበረው ዶላር 255 ዎን ሆነ።

ከዚህ በኋላ ወሳኙ መድረክ ፕሬዚዳንት ፓርክ ቹንግ ሂ ራሳቸው በየወሩ ገደማ ይመሩት የነበረው የወጪ ንግድ ማስፋፊያ ጉባኤ ሆነ። ሚኒስትሮች፣ ባንኮችና ላኪዎች በአንድ አዳራሽ ይቀመጣሉ፤ አንድ ላኪ በጉምሩክ የገጠመውን መጓተት ሲያነሣ መልስ ሰጪው ባለሥልጣን እዚያው አለ። አነስተኛ ወለድ ያለው ብድርም ከውጭ ገዢ በተገኘ ትእዛዝ ላይ የተመሠረተ ነበር። በዝምድና ብድር ማግኘት ይቻል ይሆናል፤ የውጭ ገዢን ግን በዝምድና ማሳመን አይቻልም። በ1964 መቶ ሚሊዮን ዶላር የደረሰው የወጪ ንግድ በ1977 አሥር ቢሊዮን ዶላር ደረሰ።

በ1973 የተጀመረው የከባድና የኬሚካል ኢንዱስትሪ ዘመቻ ግን ከዚህ አሠራር ወጣ። ውሳኔው ለፕሬዚዳንቱ ቅርብ በሆነ ጠባብ ቡድን እጅ ገባ፤ የዕቅድ ቦርዱ ጥርጣሬም ወደ ጎን ተተወ። ዛሬ የሚታወቁት የብረትና የመርከብ ፋብሪካዎች የተስፋፉት በዚሁ ዘመቻ ቢሆንም፣ ከመጠን ያለፈው ኢንቨስትመንት የዋጋ ንረትን አባባሰ። መንግሥት በሚያዝያ 1979 የማረጋጊያ ፖሊሲ ለማወጅ ተገደደ። ሠራተኞች የመደራጀት መብታቸው ታፍኖ ስለነበር ቅሬታቸውን ወደዚያ አዳራሽ የሚያደርስ አልነበረም።

ኢትዮጵያም በ2000ዎቹ መጀመሪያ በጠቅላይ ሚኒስትሩ የሚመራ የወጪ ንግድ ኮሚቴ አቋቁማ ነበር። የአበባ አምራቾች በማኅበር ተደራጅተው የመሬት፣ የልማት ባንክ ብድርና የአየር ጭነት ጥያቄያቸውን ለመንግሥት ያቀርቡ ስለነበር ዘርፉ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከዋና ዋና የውጭ ምንዛሪ ምንጮች አንዱ ሆነ።