ጡንቻው የማን፣ ጣሳው የማን?

ልጆቻችን ስፖርት ሲሠሩ ደስ ይለናል። ጫት ቤት ከመዋል ጂም መዋል ይሻላልና። የሚያሳስበን ከስፖርቱ ጋር ተያይዞ የሚመጣው የዱቄት ጣሳ ነው። ገቢ የሌለው ወጣት ከወላጆቹ ለምኖ ለአንድ ጣሳ ብዙ ሺህ ብር ሲያወጣ ማን አሳመነው?

ይህን የማሳመን ዘዴ ያደራጁት የአሜሪካ የቦዲ ቢልዲንግ መጽሔቶች ናቸው። ጆ ዊደር የመጀመሪያ መጽሔቱን በካናዳ ሞንትሪያል ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1940 ነበር። በኋላም «ማስል ኤንድ ፊትነስ» እና «ፍሌክስ»ን አሳተመ፤ በ1965 ደግሞ «ሚስተር ኦሎምፒያ» የተባለውን ውድድር ጀመረ። ዱቄቱንና እንክብሉንም የሚሸጠው እርሱው ነበር። እንግዲህ ልብ በሉ፦ ውድድሩ የእርሱ፣ አሸናፊውን በሽፋኑ የሚያወጣው መጽሔት የእርሱ፣ በመጽሔቱ የሚተዋወቀውም ጣሳ የእርሱ! አንባቢው ምክር ያነበበ ይመስለዋል፤ የያዘው ግን የሱቅ ዕቃ ዝርዝር ነው።

በ1968 ዊደር ወደ አሜሪካ ያስመጣው አርኖልድ ሽዋርዜኔገር የመጽሔቶቹ ዋና ጌጥ ሆነ። ሽዋርዜኔገር በውድድር ዘመኑ ስቴሮይድ ይወስድ እንደነበር ራሱ አምኗል። ፎቶግራፉን አይቶ ዱቄት የገዛው ልጅ ግን ይህን ከየት ይወቅ?

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። ሽዋርዜኔገር የካሊፎርኒያ አገረ ገዥ ሆኖ ሳለ፣ ከእነዚሁ መጽሔቶች ጋር ከማስታወቂያ ገቢያቸው ድርሻ የሚያገኝበት ውል ነበረው። ከማስታወቂያዎቹ ብዙዎቹ የዱቄትና የእንክብል ነጋዴዎች ነበሩ። በ2004 በትምህርት ቤት ስፖርት ውስጥ እነዚህን ምርቶች የሚቆጣጠር የሕግ ረቂቅ ሲቀርብለት ውድቅ አደረገው። በ2005 ውሉ በጋዜጦች ሲጋለጥ ከመጽሔቶቹ ሥራ ለቀቀ።

ሕጉስ ምን ይላል? በ1994 በአሜሪካ የወጣው ሕግ አምራቹ ዕቃውን ከመሸጡ በፊት እንደሚሠራ ለመንግሥት እንዲያረጋግጥ አያስገድድም። መድኃኒት ግን ይገደዳል።

ሁሉም ውሸት ነው ማለታችን አይደለም። ክሪያቲን የተባለው ክብደት ለሚያነሱ ሰዎች እንደሚረዳ በብዙ ጥናት ታይቷል። «ዌይ ፕሮቲን» የሚባለውም እናቶቻችን የሚያውቁት አጓት ነው፤ ተጣርቶ፣ ደርቆ፣ በጣሳ ታሽጎ ስሙ ተቀየረ እንጂ! አንድ ማንኪያው አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 25 ግራም ፕሮቲን ይይዛል። አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል አለው። ስለዚህ አራት እንቁላል ከአንድ ማንኪያ ዱቄት ጋር ይቀራረባል። ምስርና ሽሮም ፕሮቲን አላቸው፤ የሽፋን ፎቶግራፍ የሚነሳላቸው ግን የለም።

ዛሬ ማስታወቂያው ከመጽሔት ወደ ስልክ ተሻግሯል። ጡንቻውን እያሳየ የሚመክረው ሰው ከሽያጩ ድርሻ ያለው ሊሆን ይችላል።

ለእኛ ሙስሊሞች ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለ። የእንክብሉ ሽፋን ብዙ ጊዜ ከጀላቲን ይሠራል፤ ጀላቲን ደግሞ ከከብትም ከአሳማም ይገኛል። ይህ በባለቀለሙ ማስታወቂያ ላይ አይጻፍም። ከጣሳው ጀርባ በደቃቅ ፊደል «ጀላቲን» ብቻ ተብሎ ከሆነ፣ ከየትኛው እንስሳ እንደተወሰደ አምራቹ ይጠየቅ። መልስ ካልተገኘ ጣሳው እዚያው መደርደሪያው ላይ ይቆይ።