ስለ ላም አራት ሆድ

የወረዳ ሹማምንትና ባለ ከብቶች ሆይ፤ በአዲስ አበባ ምዕራብ በኮልፌ ቀራንዮ በየግቢው የምትታለበው ላም እንደ ባላገሩ ላም ሰፊ መስክ የላትም። በመንገድ ዳር ያገኘችውን ስትለቅም ፌስታልና ሽቦ ጭምር ትውጣለች። ይህም ለምን ለሞት እንደሚያደርሳት ለመረዳት የሆድዋን አሠራር ማወቅ ያሻል።

የላም ሆድ አራት ክፍል ነው። መጀመሪያውና ከሁሉ የሰፋው ጨጓራ በግራ ጎንዋ የተዘረጋ ሲሆን፤ በትልቅ ላም ከ100 ሊትር በላይ ይይዛል። ላም የላይ ፊት ጥርስ ስለሌላት ሣሩን በምላስዋ ጠቅልላ ደኅና ሳታላምጥ ትውጠዋለች፤ ኋላ ተኝታ ታመሰኳለች። ስለዚህ ባዕድ ነገርን በአፍዋ ለይታ መትፋት አይሆንላትም። ፌስታል በጨጓራዋ አይበሰብስም፤ እየተጠቀለለ ቦታውን ይይዝባታል፤ ላሚቱም ሆድዋ ሞልቶ ሳለ በረኃብ ትከሳለች።

ሽቦና ምስማር ግን ክብደት ስላለው የንብ ሰፈፍ በሚመስለው በሁለተኛው ክፍል ይቀራል። ይህን ክፍል ከልብዋ የሚለየው ስስ የሥጋ መጋረጃ ነው። ሆዱ በተኮማተረ ቁጥር ሽቦው ወደ ፊት ይገፋል፤ ልብን ከወጋ በኋላ የሚድን ከብት እጅግ ጥቂት ነው። ሐኪም ጎንዋን ከፍቶ ሊያወጣው የሚችለው አስቀድሞ ከታወቀ ነው። ምልክቱም ክርንዋን ከደረትዋ አርቃ መቆምዋ፤ ቁልቁለት መፍራትዋ፤ ወተትዋም በድንገት መጉደሉ ነው።

ሦስተኛው፤ ወይዛዝርት አጥበው የማይጨርሱት ሽንፍላ ነው፤ አራተኛውም እንደ ሰው ሆድ ምግብን የሚፈጭ ነው። በእነዚህ አንዘገይም።

እንግዲህ ቤት በሚሠራበት፤ አጥር በሚታጠርበት ሥፍራ ሁሉ የሽቦና የምስማር ቁራጭ ሳይለቀም ከብት እንዳይገባ ማዘዝ የሹሙ ፈንታ ነው።