ሰንጢ በአንድ እጅ፦ የፍጥነት ውድድሩ ምን አተረፈ?

ባክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ 110 የሚል ቁጥር የሰጠውን ሰንጢ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ ሲያወጣ (ቀጥሎ የሚመጡት ዓመቶችም በፈረንጆቹ ናቸው) ስለ ፍጥነት ያወራ አልነበረም። ያስወደደው ስለቱ ከተዘረጋ በኋላ ጥርቅም ብሎ መቆለፉ ነው። ግን በናስና በእንጨት እጀታው 200 ግራም ያህል ስለሚመዝን ኪስ አይችለውም፤ ከቀበቶ ላይ በቆዳ ሰገባ ይንጠለጠላል። ሲከፈትም ሁለት እጅ ይፈልጋል።

ይህን የለወጠው ስፓይደርኮ የተባለ ሌላ ኩባንያ ነው። በ1981 ያወጣው «ዎርከር» ስለቱ ላይ ክብ ቀዳዳ፣ እጀታው ላይ ደግሞ ከኪስ አፍ የሚሰካ ክሊፕ ነበረው። አውራ ጣት ቀዳዳው ላይ አርፎ ገፋ ሲያደርግ ስለቱ ይወጣል፤ ሌላው እጅ የያዘውን ገመድ ወይም መሰላል አይለቅም። ከዚያ ወዲህ በአከፋፈት ላይ የተጨመረው ሁሉ፣ በእኔ አስተያየት፣ ከጥቅሙ ጨዋታው ይበዛል። በ1990ዎቹ መጨረሻ «ከርሾ» የተባለው ኩባንያ ስለቱን በስፕሪንግ የሚያግዝ ሰንጢ አመጣ። ቀጥሎ በሌባ ጣት የሚገፋ ጉጥና ኩሽኔታ ያላቸው ተከተሉ። ቷ ብለው ሲከፈቱ ደስ ይላሉ፤ ካርቶን ለመክፈት ግን ማን ያን ያህል ይቸኩላል?

ፍጥነቱ ከሕግም አጋጭቷል። ኒውዮርክ በእጅ ውርወራ የሚከፈት ሰንጢን ትከለክል ስለነበር የሥራ መሣሪያ በኪሳቸው የተገኘባቸው ብዙ ሠራተኞች ታስረዋል፤ ክልከላው የተነሳው በ2019 ነው። ጀርመን ከ2008 ጀምሮ በአንድ እጅ ተከፍቶ የሚቆለፍን ሰንጢ ያለ በቂ ምክንያት ይዞ መውጣትን ከልክላለች። እንግሊዝ ውስጥ ያለ ምክንያት የሚያዘው የማይቆለፍና የስለቱ አፍ ከ3 ኢንች የማይበልጥ ብቻ ነው። ከዋሽንግተን ለንደን ላለ ዘመድ ስጦታ የሚገዛ ይህን ይወቅ።

እውነተኛው መሻሻል የመጣው ከመዝጋቱ በኩል ነው። በውስጥ ቀጭን ብረት በሚደግፈው የተለመደ ቁልፍ፣ ሲዘጋ አውራ ጣት ስለቱ መንገድ ላይ ይገባል። ቤንችሜድ የተባለው ኩባንያ በ1998 ያወጣው አግድም ዘንግ ግን ወደ ኋላ ስለሚሳብ ጣት ከስለቱ ይርቃል፤ ለግራኝም ያው ነው። ስፕሪንጎቹ ቀጭን ናቸውና አንዳንዴ ይሰበራሉ። ቢሆንም ፓተንቱ ካበቃ ወዲህ ርካሾቹም ወስደውታል። የዚሁ ኩባንያ «በግአውት» በ2017 ሲወጣ 52 ግራም ብቻ ነበር፤ የባክ 110 ሩብ መሆኑ ነው።

ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ከፍተው ብቻ አያድንቁ። ስለቱን ግራና ቀኝ ወዝውዘው ይዩት፤ ከዚያ በአንድ እጅ ሲዘጉት ጣትዎ የት እንደሚያርፍ ይመልከቱ። የስለቱን ውፍረትም አይርሱ። ከ1955 ጀምሮ በሚሽከረከር ቀለበት የሚቆለፈው የፈረንሳዩ ኦፒኔል ሁለት እጅ ይፈልጋል፣ እጀታውም ተራ እንጨት ነው። ስለቱ ስስ በመሆኑ ግን ቲማቲም ያለ ጭንቅ ይከትፋል። ብዙዎቹ «ታክቲካል» የሚባሉት ውድ ሰንጢዎች ግን ፖም እንኳ ይሰነጥቃሉ እንጂ አይቆርጡም።