ይዞራል፣ አያሞቅም

ማይክሮዌቭ ሲበላሽ ብዙ ጊዜ ጨርሶ አይሞትም። መብራቱ ይበራል፣ ሳህኑ ይዞራል፣ ሰዓቱ ይቆጥራል፤ ወጡ ግን እንደገባ ቀዝቅዞ ይወጣል። ሳጥኑ ውስጥ ያሉት ሁለት ወገኖች ናቸው። መብራቱ፣ ፋኑና ሳህን አዟሪው ሞተር የሚሠሩት በቀጥታ ከሶኬት በሚመጣው ኃይል ነው። ምግቡን የሚያሞቀው ማግኔትሮን ግን ወደ 4000 ቮልት ይፈልጋል፤ ይህንንም ትራንስፎርመሩ፣ ካፓሲተሩና ዳዮዱ ተጋግዘው ያቀርቡለታል።

ማግኔትሮን ወደ ወጥ ቤት የገባው ከራዳር ነው። አሜሪካዊው መሐንዲስ ፐርሲ ስፔንሰር ማግኔትሮን ምግብ ማሞቅ እንደሚችል ያስተዋለው በ1945 እ.ኤ.አ. ነበር፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው ማይክሮዌቭ 340 ኪሎ ያህል ይመዝን ነበር።

ብልሽቱን ለመለየት ሳጥኑን መፍታት አያስፈልግም። አንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ለአንድ ደቂቃ ያሙቁና በቴርሞሜትር ይለኩ። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ከጨመረ ማሽኑ 700 ዋት ገደማ እየሰጠ ነው፤ በ5 ከሆነ ግማሹን ብቻ። ውሃው ምንም ካልሞቀ ደግሞ ጆሮ ይስጡት። ከወትሮው የከበደ እምምታ ካለው ዳዮዱን፣ ካፓሲተሩን ወይም ራሱን ማግኔትሮኑን መጠርጠር ነው። የፋን ድምፅ ብቻ ከሆነ ለትራንስፎርመሩ ኃይል እየደረሰው ላይሆን ይችላል፤ ያኔ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ከበሩ ስዊቾች ወይም ከቦርዱ ነው።

የእሳት ብልጭታ ብዙ ሰው ያስደነግጣል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ከሁሉም የቀለለው ብልሽት እሱ ነው። በውስጠኛው ግድግዳ ላይ፣ ካርቶን የምትመስል ግራጫ ስስ ሉህ አለች፤ ሚካ ትባላለች። የተረጨባት ሽሮና ዘይት ሳይጠረግ ሲቆይ ይከስላል፣ ከሰሉም ብልጭታ ይጠራል። አዲስ ሚካ ተለክታ በመቀስ ተቆርጣ ትገባለች፤ ዋጋዋም ትንሽ ነው።

ጭራሽ የማይበራ ከሆነ ሶኬቱንና ዲቫይደሩን ይፈትሹ፤ ቀጥሎ የሚጠረጠረው ፊውዙ ነው። እዚህ ላይ አጥብቄ የምለው አለኝ፦ በፊውዝ ቦታ ሽቦ አይጠመጠምም! ከበሩ ስዊቾች አንዱ የተቀመጠው ሌሎቹ ተጣብቀው ሲቀሩ ሆን ብሎ ፊውዙን እንዲያቃጥል ነው፤ በሩ ተከፍቶ ማሽኑ እንዳይሠራ። ሽቦው ይህን ጥበቃ ያጠፋዋል። ካፓሲተሩም ማሽኑ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላ ሰው የሚገድል ኃይል ይዞ ሊቆይ ስለሚችል፣ ሽፋኑን መክፈት ኃይሉን ማውረድ ለሚያውቅ ባለሙያ ይተው።

ይጠገን ወይስ ይጣል? መጀመሪያ በሩን ይዩ። ከተጣመመ፣ በደንብ ካልገጠመ ወይም የውስጡ ብረት በዝገት ከተበሳ ዋጋ መጠየቅም አያስፈልግም፤ ይወገድ። ስዊች፣ ፊውዝ፣ ዳዮድና ሚካ ሲሆኑ ማስጠገኑ ያዋጣል። ማግኔትሮን ከሆነ ግን የመለዋወጫውንና የእጅ ዋጋውን ይደምሩ፤ ከአዲሱ ዋጋ ግማሽ ካለፈ እኔ አላስጠግንም። ከአሜሪካ የመጣ ማይክሮዌቭ ሲሆን ደግሞ ሌላም ጣጣ አለ፦ የተሠራው ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ ነው። ቮልቱን የሚቀንስ ትራንስፎርመር የእኛን 50 ኸርዝ አይለውጥም፤ ስለዚህ የውስጡ ትራንስፎርመር ከልክ በላይ እየጋለ ይሠራል። እንዲህ ላለው ውድ መለዋወጫ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

ተጠግኖ ሲመለስ ከመረከብዎ በፊት ውሃ ያለበት ብርጭቆ አስገብተው ያሠሩት፤ በሩ ገና ሲከፈት ማሽኑ ወዲያው መቆም አለበት። ካልቆመ ነቅለው ለጠጋኙ ይመልሱ።