የደጋ ከተማና የማቀዝቀዣ መኪና

ከተማ የሚያድገው በሕንፃ ነው፤ ሕንፃ ግን የቆመበትን አገር አየር ካላወቀ ለሠሪው ኩራት፣ ለነዋሪው ጣጣ ይሆናል። ይህን ለማለት ያነሣሣን በአዲስ አበባ ዙሪያ፣ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ፣ የሚታየው ፈጣን የግንባታ ሥራ ነው።

በዓለም ላይ በአየር ማቀዝቀዣ መኪና ረዳትነት ያደጉ ከተሞች መኖራቸው የታወቀ ነው። ዊሊስ ካሪየር የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ በ1902 በአውሮፓ አቆጣጠር መኪናውን የነደፈው ለሰው ምቾት ብሎ አልነበረም፤ በብሩክሊን በሚገኝ አንድ ማተሚያ ቤት ወረቀቱ በእርጥበት ምክንያት እየሰፋና እየጠበበ የቀለሙን ሥራ ስላበላሸ ነው እንጂ። ከዚያ ወዲህ መኪናው ከፋብሪካ ወደ ሲኒማ ቤት፣ ከሲኒማ ቤትም ወደ መኖሪያ ቤት ገባ። ሙቀቷና ወበቋ የሚያስመርረው የቴክሳሷ ሂዩስተን በ1965 ጣራ የለበሰና አየሩ የሚቀዘቅዝ ታላቅ ስታዲየም እስከ መሥራት ደረሰች። የሲንጋፖር መሪ የነበሩት ሊ ኳን ዩም ለአገራቸው እድገት ከረዱት ነገሮች አንዱ ይኸው መኪና መሆኑን ተናግረዋል፤ አስቀድመው ያስገቡትም የመንግሥት ሠራተኞች በሚሠሩባቸው ቢሮዎች ነበር።

እንግዲህ የእነዚያ ከተሞች ችግር የእኛም ችግር ነውን? አይደለም። ሰበታ ከባሕር ወለል በላይ 2300 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በወጨጫ ተራራ ግርጌ ትገኛለች። ከእንጦጦ ጀርባ በጎጃም መንገድ ላይ ያለችው ሱሉልታ ደግሞ ከ2500 ሜትር በላይ ናት። በዚህ አገር ቀኑ ፀሐይ፣ ሌሊቱ ብርድ ነው፤ ወበቅ የሚባል ነገር አይታወቅም። ሰዎቻችን ከጥንት ጀምሮ በወፍራም የጭቃ ወይም የድንጋይ ግድግዳ ቤት የሚሠሩት ያለ ምክንያት አይደለም። ወፍራም ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ቀስ ብሎ ይጠጣል፤ ሌሊት ደግሞ ቀስ ብሎ ለቤቱ ይመልሳል። ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ቤት ግን በቀትር ያጋግላል፣ ሲነጋጋ ያንቀጠቅጣል።

አሁን ግን በየዋናው መንገድ ዳር ፊታቸው በሙሉ መስተዋት የሆነ ሕንፃዎች እየበዙ ነው። የመስተዋትን ጠባይ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ በሰበታ አካባቢ ያሉትን የጽጌረዳ እርሻዎች መመልከት ይበቃል። አበባ አምራቾቹ ብርቱ ፀሐይና ቀዝቃዛ ሌሊት ያለበትን ደጋ መርጠው፣ ተክሉን በፕላስቲክ ቤት ይሸፍኑታል፤ ብርሃኑ ይገባል፣ ሙቀቱ ከውስጥ ይታሰራል። ለጽጌረዳ መልካም ነው። ሙሉ የመስተዋት ግድግዳም በቢሮ ጸሐፊው ላይ የሚሠራው ይህንኑ ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ ባለቤቱ ራሱ ያመጣውን ሙቀት ለማስወጣት የማቀዝቀዣ መኪና ይገዛል። መኪናው ደግሞ ሙቀትን አያጠፋም፤ ከክፍሉ እየቀዳ በመንገደኛው ላይ ይደፋዋል እንጂ፤ የኤሌክትሪኩም ሒሳብ በየወሩ ይከፈላል።

ነገሩ በግድግዳና በጣራ ብቻ የሚያልቅ አይደለም። በ1999 ዓ. ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ሰበታም ሆነች ቡራዩ እያንዳንዳቸው 50 ሺህ ሰው አልሞሉም ነበር። ከዚያ ወዲህ ፋብሪካውና መኖሪያ ቤቱ እየበዛ ሄደ፤ በ2009 ዓ. ም. የተመረቀው የጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር መነሻም ሰበታ ሆነች። ቤት የተሠራበት መሬት ግን ጤፍና ስንዴ ይዘራበት የነበረ የገበሬ ማሳ ነው። አዲስ አበባን ከዙሪያዋ ከተሞች ጋር ለማያያዝ የታቀደው ማስተር ፕላን ከ2006 ዓ. ም. ጀምሮ ብርቱ ተቃውሞ አስነሥቶ፣ የሰው ሕይወት ከጠፋ በኋላ፣ በጥር 2008 ዓ. ም. ቀረ። በ2015 ዓ. ም. ሦስቱ ከተሞች ከሌሎች ጋር ተጠቃለው የሸገር ከተማ በተባለው አስተዳደር ሥር ሲሆኑም፣ ሕገ ወጥ የተባሉ ብዙ ቤቶች ፈርሰዋል። እንግዲህ በዚህ አገር እያንዳንዱ ካሬ ሜትር መሬት ዋጋው ከባድ መሆኑን ማንም ሊዘነጋው አይገባም። ይህን ያህል የተከፈለበት መሬት ላይ ለሰው የማይመች ሕንፃ ማቆም እጥፍ ጥፋት ነው።

መፍትሔው ውድ አይደለም። በእኛ አገር የጧትና የማታ ፀሐይ ዝቅ ብላ ስለምትመታ፣ ሰፊው መስኮት ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ቢዞር፣ የምሥራቁና የምዕራቡ መስተዋት ቢያንስ፣ ጣራው ከግድግዳው ወጣ ብሎ ጥላ ቢሰጥ፣ በቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ ቢደረግ፣ መስኮቶችም ትይዩ ሆነው ነፋስ ቢያሳልፉ፣ አብዛኛው ቢሮ ያለ መኪና ይሠራል። ክረምት ውሃ በሚተኛበት በሱሉልታ ሜዳ ደግሞ ከሙቀት ይልቅ የሚያሠጋው እርጥበት ነውና፣ መሠረቱን ከፍ ማድረግና የውሃ መውረጃውን ማክበር ይቀድማል። በቡራዩም በኩል አዲስ አበባን ውሃ ከሚያጠጡት አንዱ የገፈርሳ ግድብ መኖሩን ማሰብ ያሻል።

ነገ የግንባታ ፈቃድ ወረቀት ላይ ማኅተም የምትመቱ ወጣት ሹማምንት፣ ዛሬም የሥነ ሕንፃን ትምህርት የምትከታተሉ ተማሪዎች ሆይ፤ ሂዩስተንና ሲንጋፖር መኪናውን የወሰዱት አየራቸው ስላስገደዳቸው ነው። ከእነርሱ መቅዳት የሚገባን መስተዋቱን ሳይሆን፣ የራስን አገር አየር አጥንቶ ለራስ ችግር መላ መፈለግን ነው። ፕላኑ ጠረጴዛችሁ ላይ ሲቀርብ ከሁሉ አስቀድማችሁ፦ «ፀሐይ በየት በኩል ትወጣለች?» ብላችሁ ጠይቁ።