ለቦይል ሕግ ያልታዘዙት ጋዞች

የቪየናው ሐኪም ዮሐን ናተረር ናይትሮጅንን ፈሳሽ ለማድረግ ቆርጦ ተነስቶ ነበር። በ1850ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ራሱ በሠራው ፓምፕ ግፊቱን ከ2,700 አትሞስፌር በላይ አደረሰው። ጠብ ያለ ነገር ግን አልነበረም። በ1662 የታተመው የሮበርት ቦይል ሕግ እንደሚለው፣ ሙቀቱ እስካልተለወጠ ድረስ ግፊቱ በጨመረ ቁጥር የጋዙ ይዘት በዚያው ልክ ማነስ ነበረበት። ናይትሮጅኑ ግን ያነሰው 700 እጥፍ ገደማ ብቻ ነው።

ቤልፋስት ውስጥ ቶማስ አንድሩስ ያየው የዚህን ተቃራኒ ነው። አንድሩስ ግድግዳው ወፍራም በሆነ ቀጭን የመስታወት ቱቦ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስገባና በሜርኩሪ ዘግቶት፣ ብሎን እያጠበቀ ይጨምቀዋል። 35.5 ዲግሪ ላይ፣ ግፊቱ 108 አትሞስፌር ሲደርስ፣ ጋዙ በ108 ፈንታ ከ400 እጥፍ በላይ አነሰ። በሌላ ሙከራ ደግሞ ፈሳሽ የሆነውን ቀስ እያለ ሲያሞቀው፣ 31 ዲግሪ አካባቢ ፈሳሹን ከጋዙ የሚለየው መስመር እየደበዘዘ ሄዶ ጭራሽ ጠፋ። ከዚያ በላይ የቱንም ያህል ቢጨምቀው ፈሳሽ ተለይቶ አልወጣም። ይህን በ1869 ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ አቀረበ። (የናተረር ድካምም ከንቱ የቀረው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ናይትሮጅን ከዜሮ በታች 147 ዲግሪ ካልቀዘቀዘ በጉልበት ፈሳሽ አይሆንም።)

አንዱ ከሚገባው በላይ ይጨመቃል፣ ሌላው እምቢ ይላል። ሁለቱን በአንድ ቀመር ያስታረቃቸው የኔዘርላንዱ የአናጺ ልጅ ዮሃንስ ዲዴሪክ ቫን ደር ቫልስ ነው። ላቲንና ግሪክ ባለመማሩ የዩኒቨርሲቲ ፈተና እንዳይቀመጥ ተከልክሎ፣ በመምህርነት ሲኖር ቆይቶ፣ ደንቡ ሲላላለት በ1873 ላይደን ላይ የዶክትሬት ጽሑፉን አቀረበ። ዕድሜው 35 ነበር።

የቦይል ሕግ በትክክል የሚሠራው ሞለኪውሎች ገላ ከሌላቸውና እርስ በርስ ካልተሳሳቡ ነው። ቫን ደር ቫልስ ሁለቱንም ሰጣቸው። ሲቀራረቡ ይሳሳባሉ፤ ስለዚህ ጨማቂውን ያግዙታል። የአንድሩስ ጋዝ እንዲህ ነው። ግፊቱ እጅግ ሲበረታ ግን ነገሩ የሞላ ሚኒባስ ይሆናል፤ ረዳቱ የቱንም ያህል «ጠጋ ጠጋ በሉ» ቢል፣ የተሳፋሪው ገላ ራሱ ቦታ ይዟል። የናተረር ናይትሮጅን የደረሰው እዚያ ነው። የብዙ ሊቃውንት ልብ ሞለኪውል መኖሩን ገና በሚጠራጠርበት ዘመን የሞለኪውልን ገላ በቀመር ውስጥ ማስገባት፣ በእኔ እይታ፣ ከሒሳቡ ይልቅ ድፍረቱ ያስደንቃል።

ሲለካ ግን ቀመሩም ይስታል። ግፊትና ይዘት ተባዝተው ለሙቀትና ለጋዝ ቋሚ ቁጥር ብዜት ሲካፈሉ በሃሳባዊ ጋዝ (የቦይልን ሕግ በትክክል በሚታዘዝ ጋዝ) 1 የሚሰጠው ስሌት፣ የአንድሩስ መስመር በጠፋበት ነጥብ ላይ በቀመሩ 0.375 ይወጣል፤ በካርቦን ዳይኦክሳይድ የተለካው 0.27 ገደማ ነው። የ1910ን የፊዚክስ ኖቤል ያሰጠው ግን ይኸው ቀመር ነው።