ጣና ሐይቅ

ጣና ሐይቅ በአማራ ክልል የሚገኝ የኢትዮጵያ ትልቁ ሐይቅና የአባይ ወንዝ መነሻ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል። ርዝመቱ 84 ኪ.ሜ.፣ ስፋቱ 66 ኪ.ሜ. ያህል ነው። የባሕር ዳር ከተማ በደቡባዊ ዳርቻው ላይ ትገኛለች።

የተፈጥሮ ሁኔታ

ሐይቁ የተፈጠረው ከእሳተ ገሞራ የወጣ ቅልጥ አለት የወንዞችን መውጫ በመዝጋቱ ነው። ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ዋና ዋና ገባሮቹ ሲሆኑ በተፈጥሮ ከሐይቁ የሚወጣው ወንዝ አባይ ብቻ ነው። ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግን ከፊሉ ውኃ በዋሻ ተጠልፎ ወደ በለስ የኃይል ማመንጫ ይሄዳል። ጣና ሰፊ ቢሆንም ጥልቅ አይደለም፤ ጥልቀቱ 15 ሜትር ገደማ ቢደርስ ነው። ስለዚህ ውኃው ጥቂት ሲቀንስ ሰፊ ዳርቻ ይጋለጣል።

በሐይቁ ውስጥ ላቤዮባርበስ የተባለው የዓሣ ወገን 15 ያህል ዝርያዎች ይገኛሉ። አብዛኞቹ በሌላ ቦታ የሉም። አንዳንዶቹ እንቁላል ለመጣል በክረምት ወደ ገባር ወንዞቹ ይወጣሉ። በዳርቻው ደንገል ይበቅላል፤ የአካባቢው ሰዎችም ታንኳ ይሠሩበታል። ጉማሬና ብዙ ዓይነት የውኃ ወፎችም አሉ።

የጉብኝት ቦታዎች

በደሴቶቹና በዘጌ ልሳነ ምድር ላይ ብዙ ጥንታዊ ገዳማት አሉ። ከባሕር ዳር በጀልባ ይደረስባቸዋል።

• ዑራ ኪዳነ ምሕረት፦ በዘጌ የቡና ደን ውስጥ ያለች፣ በግድግዳ ሥዕሎቿ የታወቀች ቤተ ክርስቲያን።
• ናርጋ ሥላሴ፦ በ18ኛው ክፍለ ዘመን እቴጌ ምንትዋብ በደቅ ደሴት ያሠሩት።
• ዳጋ እስጢፋኖስ፦ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የዐፄ ፋሲል አፅም የሚገኝበት። በገዳሙ ሥርዓት ሴቶች አይገቡበትም።
• ጢስ ዓባይ ፏፏቴ፦ ከባሕር ዳር 30 ኪ.ሜ. ያህል ይርቃል። ውኃው ለኃይል ማመንጫ ስለሚጠለፍ በበጋ ይሳሳል፤ የሚያምረው በክረምት ማብቂያ ላይ ነው።

ስጋት

ከደቡብ አሜሪካ የመጣው እምቦጭ በጣና መታየቱ የታወቀው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው። በተለይ የሰሜንና የምሥራቅ ዳርቻውን ወርሮ ታንኳ እንዳያልፍ፣ ዓሣ እንዳይጠመድ አድርጓል። ገበሬዎችና በጎ ፈቃደኞች በእጃቸው ቢነቅሉትም የቀረው ቁራጭ ዳግም ይበቅላል፤ ዘሩም በጭቃ ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ውኃው ሸሽቶ ጭቃው ሲጋለጥ ደግሞ ዘሩ ይበቅላል። ዩኔስኮ ሐይቁንና አካባቢውን በ2015 እ.ኤ.አ. በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መዝግቧል።